የቦዥ ተራሮችን በብስክሌት መዞር፦ ከአንሲ ሐይቅ እስከ ቡርዤ ሐይቅ

የቦዥ ክልላዊ የተፈጥሮ ፓርክ በፈረንሳይ አልፕስ ጫፍ፣ በሁለት ትልልቅ ሐይቆች መሀል ያለ የኖራ ድንጋይ ተራራ ነው። በሰሜን የአንሲ ሐይቅ፣ በምዕራብ የቡርዤ ሐይቅ ያዋስነዋል፤ ደቡቡንና ምሥራቁን የኢዜር ወንዝ ሸለቆ ይዞታል። ፓርክ ሆኖ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አንሲ ከጄኔቭ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ እዚያ ለሚኖር ሐበሻ ጉዞው የአንድ ቅዳሜ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ ጋላቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ከፍታው ነው። እዚህ አስፋልቱ የሚወጣበት ከፍተኛ ቦታ 1,700 ሜትር አይሞላም፤ ከመስቀል አደባባይ በብዙ ይወርዳል። ስለዚህ ትንፋሽ አያስቸግርም። ሰውን ከብስክሌት የሚያወርደው የማይሆን ማርሽ፣ ረፍዶ መነሣትና ዙሩን በተሳሳተ አቅጣጫ መያዝ ነው። ያው መንገድ በአንድ አቅጣጫ ደስ ይላል፣ በሌላው ከፀሐይና ከነፋስ ጋር ግብግብ ይሆናል። ከዚህ በታች ለየዙሩ የሰጠነው አቅጣጫ በዚህ ምክንያት የተመረጠ ነው።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር እንበል። ፈረንሳዮች «ኮል» የሚሉት እንደ ጣርማ በር ያለውን የተራራ በር ነው፤ እኛም «በር» እንለዋለን። በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ስም ብዙ የማይነበቡ ፊደላት ስላሉት በጆሮ የያዛችሁትን ስም በዓይን ፈልጋችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ። ከስሙ ይልቅ የመንገዱን ቁጥር ያዙ፤ ዴ 912፣ ዴ 911 እያለ ይሄዳል። ሰዓቶቹን የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት እዚያ 7 ሰዓት ነው።

ከመነሣት በፊት፦ ማርሹ

ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። ሰውና ብስክሌት ተደምረው 80 ኪሎ ቢሆኑና ጋላቢው በተከታታይ 150 ዋት የእግር ኃይል ቢያወጣ፣ በሰዓት ሽቅብ የሚወጣው 600 ሜትር ያህል ነው። 200 ዋት የሚያወጣው ደግሞ ከ800 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ዳገቱ 8.5 በመቶ ከሆነ የመጀመሪያው ሰው ፍጥነት በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። በ7 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እግር በደቂቃ 55 ጊዜ ያህል እንዲዞር ከፈለጋችሁ፣ ከፊት 34 ጥርስ፣ ከኋላም 34 ጥርስ ያስፈልጋል። ከኋላ ትልቁ ማርሽ 25 ጥርስ ብቻ ከሆነ እግራችሁ በደቂቃ 40 ጊዜ አካባቢ ይዞራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉልበት ይጮኻል።

የኋላውን ማርሽ ስትቀይሩ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ አጭር ክንድ ያለው የድሮ ማርሽ ቀያሪ 34 ጥርስ አይችልም፤ የላይኛዋ ትንሽ ጎማው ከትልቁ ማርሽ ጋር ትፋጫለች። ሁለተኛው የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ብስክሌቱን ሰቅላችሁ፣ ፔዳሉን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩና ሰንሰለቱን ከፊት ወደ ትልቁ፣ ከኋላም ወደ ትልቁ አምጡት። ቀያሪው ወደ ፊት ተወጥሮ ቀጥ ካለ ሰንሰለቱ አጭር ነው። በዚያው ከወጣችሁ፣ በድካም ሰዓት እጅ ተሳስቶ ያንን ጥምረት ሲነካ ቀያሪው ይገነጠላል። ሰንሰለት ማስረዘም የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከተራራ ላይ ታክሲ መጥራት ግን ብዙ ዩሮ ነው።

ፍሬን

1. የዲስክ ፍሬን ከሆነ ሸራውን አውጥታችሁ እዩ። ከብረቱ በላይ የቀረው 1 ሚሊ ሜትር ካልሞላ ቀይሩት። አንድ ረጅም ዝናባማ ቁልቁለት ከሜዳ መንገድ ወራት የበለጠ ይበላዋል።
2. አዲስ ሸራ ካስገባችሁ፣ ከመጓዛችሁ በፊት ሜዳ ላይ ፈጥናችሁ ጥሩ አድርጋችሁ መያዝን ከ15 እስከ 20 ጊዜ ደጋግሙ፤ መንኮራኩሩ ግን ሙሉ በሙሉ እንዳይቆም። ይህ ካልተደረገ ሸራው ይንሸራተታል፣ ይጮኻልም።
3. ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ከሆነ በጎማው ሸራ ውስጥ የተሰካ የብረት ፍርፋሪ ካለ በመርፌ አውጡ። የካርቦን ቸርኬ ከሆነ ለካርቦን የተሠራ ሸራ ብቻ ተጠቀሙ። እዚህ አገር ግን የአሉሚኒየም ቸርኬ ይዛችሁ ብትመጡ ይሻላል እንላለን፤ ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ካርቦንን እስኪላጥ ያግለዋል።

ጎማ 28 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ4.5 እስከ 5 ባር ይበቃል። ድንጋይ እስኪሆን መንፋት የድሮ ልማድ ነው፤ በተጠጋገነ አስፋልት ላይ እየዘለለ ኩርባ ውስጥ መንሸራተትን ያመጣል። ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የጎማ መፍቻ ላስቲክ፣ ፖምፓና የሰንሰለት መጋጠሚያ ያዙ። በመንደሮቹ ጎሚስታ የለም።

የማሟሟቂያ ዙር፦ የአንሲ ሐይቅ

በመጀመሪያው ቀን ይህን ዙሩ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐይቁ 447 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተኛ ትልቅ ዳገት የለውም። ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ሂዱ፤ ማለትም ከአንሲ ወደ ቬሪዬ፣ ማንቶንና ታሉዋር። በፈረንሳይ የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ ውኃው ሁልጊዜ በቀኛችሁ ይሆናል፣ የሚያቋርጣችሁም መኪና ይቀንሳል። ታሉዋር አካባቢ ያለው አጭር አቀበት ገና እግር ትኩስ ሳለ ያልፋል። በስተመጨረሻ በምዕራቡ ዳር የሚመለሱት በቀድሞው የባቡር ሐዲድ ላይ በተሠራው የብስክሌት ጎዳና ነው፤ ዱዋን ላይ የባቡሩን ዋሻ ያቋርጣል። ዋሻው ውስጥ የፀሐይ መነጽር አውልቁ፤ እግረኛና ሕፃናት አሉበት።

በምዕራቡ ዳር ጎን ለጎን የሚሄደውን ዴ 1508 አትያዙ፤ የከባድ መኪና መንገድ ነው። የብስክሌት ጎዳናው በበጋ (በአውሮፓ ከጁን እስከ ኦገስት) ከሰዓት በኋላ በቤተሰብ ይሞላል፤ በእሽቅድድም ፍጥነት መሄድ የሚቻለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ብቻ ነው።

ሰምኖ፦ ከሐይቁ እስከ ጫፍ

ሰምኖ ከአንሲ በላይ የተጋደመው ረጅም ጀርባ ነው። ከፍተኛው ነጥብ 1,699 ሜትር ሲሆን አስፋልቱ እርሱ ሥር ይደርሳል። የሚወጣበት መንገድ ሦስት ነው፤ ምርጫው ቀኑን ይወስነዋል።

ከኬንታል መንደር የሚነሣው 10.7 ኪሎ ሜትር ሆኖ በአማካይ 8.5 በመቶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2013 የቱር ደ ፍራንስ ውድድር የተጠናቀቀው በዚህ ዳገት ላይ ነበር፤ ኮሎምቢያዊው ናይሮ ኪንታና አሸነፈ። ቁጥሩን ከላይ ካለው ሒሳብ ጋር አያይዙት፦ 910 ሜትር ሽቅብ ነው፤ 150 ዋት ለሚያወጣ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል። አብዛኛው በጫካ ውስጥ ስለሆነ የት እንደደረሳችሁ አይታወቅም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከመነሻው በጥድፊያ ወጥቶ ጫካው ከማለቁ በፊት ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች እያወራችሁ ልትወጡት በምትችሉት ፍጥነት ውጡ።

ከአንሲ ከተማ በዴ 41 የሚወጣው ይረዝማል፣ ትንሽም ይለዝባል። ለአዲስ ሰው ግን የምንመክረው ሦስተኛውን ነው፦

1. ከአንሲ እስከ ሴቭሪዬ በብስክሌት ጎዳናው ሂዱ።
2. ሴቭሪዬ ላይ ዴ 912ን ያዙ። እስከ ሌሾ በር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 450 ሜትር ያወጣል፣ በአማካይ 4 በመቶ አይሞላም። በሩ 897 ሜትር ላይ ነው።
3. በሩ ላይ ቁሙ፣ ብሉ፣ ሰማዩን እዩ። ከዚህ እስከ ሰምኖ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ይቀራል፤ ደመና ጫፉን ከሸፈነው ወደ ሐይቁ መመለሻው ይህ ነው።
4. ወደ ሰምኖ የሚለውን ሰሌዳ ተከተሉ። ከጫካው ስትወጡ ግጦሽ ይከፈታል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ሞን ብላን ፊት ለፊት ይታያል።
5. በዴ 41 ወደ አንሲ ውረዱ። ዙሩ በድምሩ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሽቅቡም 1,300 ሜትር ገደማ ነው።

በዴ 41 በጠዋት አትውረዱ። መንገዱ ጥላ ውስጥ ስለሆነ ጤዛው ቶሎ አይደርቅም፤ በመጸው ደግሞ የረገፈ ቅጠል እንደ ሳሙና ነው። በኬንታል የወጣ ሰው በሌሾ በኩል ቢወርድ ይሻለዋል፤ ከሌሾ በታች ያለው ለስላሳ ቁልቁለት በብርድ የደነዘዘ እጅን ቀስ ብሎ ያሞቀዋል።

ታላቁ ዙር፦ ቦዥን መክበብ

ይህ የአካባቢው ዋና ጉዞ ነው፤ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሽቅቡም 1,500 ሜትር ያህል። ከሰዓት አቅጣጫ ጋር ሂዱ፤ ከአንሲ ወደ ፋቨርዥ፣ በታሚዬ በር ወደ ኢዜር ሸለቆ፣ በፍሬን በር ወደ ተራራው እምብርት፣ በሌሾ በር ወደ ሐይቁ።

አቅጣጫው ለምን እንዲህ ሆነ? የኢዜር ሸለቆ ዝቅተኛና ሞቃት ነው። በበጋ ፀሐይ ተራራውን ካሞቀች በኋላ አየሩ ከሸለቆው አፍ ወደ ላይ፣ ከሻምቤሪ ወደ አልቤርቪል ይነፍሳል። እናንተ በዚያ ሸለቆ የምትሄዱት በተቃራኒው ነው። እንግዲያው ሸለቆውን ነፋሱ ሳይነሣ፣ ጠዋት ማለፍ ግድ ነው። «ታዲያ በተቃራኒው ብንዞርስ፣ ነፋሱ አይገፋንም?» የሚል ይኖራል። ይገፋል፤ ነገር ግን ታሚዬን በቀትር ሙቀት፣ 70 ኪሎ ሜትር ከተጋለበ በኋላ ትወጡታላችሁ፤ የቀኑም መጨረሻ ሐይቅ ዳር በሕዝብ በተሞላው ጎዳና ላይ እየተጋፉ መመለስ ይሆናል።

የሰዓት ሰሌዳው እንዲህ ነው፦

ከንጋቱ 12 ሰዓት ከአንሲ ተነሡ። 26 ኪሎ ሜትር ያህል በብስክሌት ጎዳናው ሄዳችሁ 1፡15 ላይ ፋቨርዥ ትደርሳላችሁ። ጠርሙስ ሙሉ፤ ዳቦ ቤት ክፍት ከሆነ ዳቦ ያዙ።

ታሚዬ በር 907 ሜትር ነው፤ ከፋቨርዥ 10 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሽቅቡ 400 ሜትር። ከበሩ አጠገብ የመነኮሳት ገዳም አለ፤ መነኮሳቱ የሚሠሩት አይብ በአገሩ ስመ ጥር ነው። በጠዋት ግን ሱቃቸውን ለመጠበቅ አትቁሙ፤ አይብ በጀርባ ኪስ ውስጥ በቀትር ፀሐይ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። 2፡15 ላይ ቁልቁለቱን ጀምሩ። አልቤርቪል በግራ ትቀራለች፤ እናንተ ወደ ፍሮንትኔና ግሬዚ ሱር ኢዜር የሚለውን ያዙ።

ከግሬዚ በኋላ ዴ 201 በተራራው ግርጌ፣ በወይን እርሻ መሀል ያልፋል። መኪናው በታችኛው መንገድ ስለሚሄድ ይህኛው ጸጥ ያለ ነው። ሜዳ ይመስላል እንጂ ሜዳ አይደለም፤ በየመንደሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። እዚህ ጉልበት አታባክኑ። በቡድን ከሆናችሁ በየተራ ፊት ይዛችሁ ሂዱ።

3፡30 ላይ ሳን ፒዬር ዳልቢኚ። ይህች ከተማ የባቡር ጣቢያ አላት። ጉልበቱ ካመመ፣ ሰማዩ ካስፈራ ወይም ፍሬን ካልያዘ፣ ጉዞው በክብር የሚቋረጠው እዚህ ነው፤ ከዚህ በላይ ተራራው ውስጥ ባቡር የለም።

ፍሬን በር፤ 950 ሜትር። ስሙ በእኛ ጆሮ ከብስክሌት ፍሬን ጋር ይምታታል፤ በፈረንሳይኛ ግን የዛፍ ስም ነው። ከከተማዋ 8 ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ይወጣል፤ ከታሚዬ ይከብዳል፣ ፊቱም ወደ ደቡብ ስለሆነ ፀሐይ ታጠብሰዋለች። ሰዓት የምናስጠብቃችሁ ለዚህ ዳገት ስንል ነው። በቀትር የወጣው ሰው ሁለት ጠርሙስ ውኃ ጨርሶ ጫፍ ላይ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። 4፡40 ላይ ከላይ ከሆናችሁ በደንብ ይዛችኋል።

ከበሩ ወዲያ መልክዓ ምድሩ ይለወጣል፤ አረንጓዴ ሜዳ፣ የከብት ቃጭል፣ ቀዝቀዝ ያለ አየር። በዴ 911 እየተንደረደሩ ሻትላር 5፡10 ላይ ይደረሳል። ከ6 ሰዓት በፊት መድረስ አለባችሁ፤ የመንደር ሱቆች ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ተኩል ድረስ ብዙውን ጊዜ ይዘጋሉ። እሑድ ከሰዓትና ሰኞ ደግሞ ጭራሽ ክፍት ላታገኙ ትችላላችሁ።

ከሻትላር ወደ ሌሽረን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ ሸራን ወንዝ ዳር የመዋኛ ኩሬ አለ። ከሌሽረን እስከ ሌሾ በር ያለው ሽቅብ 250 ሜትር ብቻ ነው፣ ዓይን ግን ሜዳ ነው ይላል። «ሜዳ ላይ ለምን ደከመኝ» ብላችሁ ማርሽ አታክብዱ። ከበሩ እስከ ሴቭሪዬ ቁልቁለት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሞተር ብስክሌቶች ስለሚበዙ ቀኛችሁን ይዛችሁ ውረዱ።

ረቫር፦ ከቡርዤ ሐይቅ በኩል

መነሻው ኤክስ ሌ ባን ነው፤ ከአንሲ ባቡር አለ። ከከተማው እስከ ረቫር ተራራ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሽቅቡ 1,300 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1937 ድረስ በጥርስ ሐዲድ የሚወጣ ባቡር ነበረው፤ አሁን እግራችሁ ብቻ ነው። ገደሉ ፊቱን ወደ ምዕራብ ስላዞረ ጠዋት ጥላ ነው፣ ከሰዓት ምድጃ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሩ። ከላይ ሆኖ ሲታይ ቡርዤ ሙሉውን፣ 18 ኪሎ ሜትሩን ተዘርግቶ ይታያል።

ከረቫር ወደ ፌክላ፣ ከዚያ ወደ ፕሌንፓሌ በር (1,173 ሜትር) ውረዱ፤ በዴ 912 ሌሽረን፣ በዴ 911 በሸራን ገደል በኩል ወደ ኩዚ። ኩዚ አጠገብ ወንዙን ከ90 ሜትር በላይ ከፍታ የሚሻገር የብረት ድልድይ አለ፤ ከመንገዳችሁ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን ዞር ብላችሁ እዩት። ከዚያ ወደ ኤክስ መመለስ ነው። በድምሩ 80 ኪሎ ሜትር ያህል።

ቁልቁለትና አየር

በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሐይቁ ዳር 26 ሲሆን ሰምኖ ላይ 18 ነው፤ ላብ ያራሰው ልብስና የ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጨመር ጣት ፍሬን መያዝ ያቅተዋል። ቀጭን ነፋስ ተከላካይ ጃኬትና ሙሉ ጓንት በበጋም ያዙ። ጃኬቱን ጫፍ ላይ፣ ሳይበርዳችሁ ልበሱት።

ፍሬን በኩርባው ውስጥ አይያዝም፤ ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁ። ሁሌ እየነኩ መውረድ ያግላል፤ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ ሲሆን ግን አየር ያበርደዋል። ወደ ኩርባው መውጫ እዩ፤ የውጭውን ፔዳል ወደ ታች ረግጣችሁ ክብደታችሁን እዚያ ላይ ጣሉ። ቃጭል ከሰማችሁ ከብት መንገድ ላይ ሊሆን ይችላልና ፍጥነት ቀንሱ፤ እበት ላይ ደግሞ ኩርባ አይታጠፍም።

በጁላይና ኦገስት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ከጫፍ የወረደ አይቆጭም። በአውሮፓ ክረምት የላይኛው መንገድ በረዶ ይሸፍነዋል፤ ምርጡ ጊዜ ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ነው።

ስንቅና ሕግ

በሰዓት ከ40 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። በሶ እዚህ ከታሸገው የስፖርተኞች ጄል አይተናነስም፤ 60 ግራም ያህሉ 40 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሰጣል፣ ለጾመኛም ይሆናል። በማር በጥብጣችሁ ከመነሣት በፊትና በሜዳው ላይ ውሰዱት፤ አሠሩ ብዙ ስለሆነ ዳገት ላይ ሆድ ይነፋል። ዳገት ላይ ቴምር ይሻላል። ቆሎ ግን ተዉት፤ እየተነፈሱ ማኘክ አይቻልም፣ ጉሮሮም ያደርቃል።

የመንደር ምንጭ ላይ «ኦ ፖታብል» ከተባለ ይጠጣል፤ «ኖን» ከተጨመረበት አትንኩት። ምንጭ ካጣችሁ የመንደሩን መቃብር ስፍራ ፈልጉ፤ ለእኛ እንግዳ ቢመስልም፣ አበባ ማጠጫ ቧንቧ አይጠፋም፤ እዚያም ሰሌዳውን እዩ።

ሕጉ ደወል፣ መብራትና አንጸባራቂ ይጠይቃል። ከከተማ ውጭ በጨለማ ወይም በጉም አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ ግዴታ ነው፤ ለታላቁ ዙር ገና ሳይነጋ የምትነሡ ከሆነ ይመለከታችኋል። በጆሮ ማዳመጫ መጋለብ ያስቀጣል። መኪና ከከተማ ውጭ ሲቀድማችሁ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። አደጋ ቢደርስ 112 ደውሉ፤ መጀመሪያ የመንገዱን ቁጥርና የመጨረሻውን ያለፋችሁትን መንደር ተናገሩ፤ ብዙዎቹ ዳገቶች ላይ በየኪሎ ሜትሩ የተተከለ የብስክሌተኞች ምልክት አለ፣ የእርሱን ቁጥር ብትጨምሩበት ቶሎ ያገኟችኋል።